ሙቀቱ የድሬ ነው ወይስ የኔ?

የከዚራ ጥላ | ሰኞ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። 48 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ድሬ ስለሆነ ለሙቀት አዲስ አይደለሁም። ግንቦትና ሰኔን ያለ ቬንትሌተር ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የማላውቀው ሙቀት መጣብኝ። ከደረቴ ይነሳና ወደ አንገቴ ይወጣል። ፊቴ የምጣድ ወላፈን የመታው ያህል ይግላል። ከዚያ ላቡ ይወርዳል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይሄዳል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርደኛል። ሌሊት ሺቲዬ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ እነቃለሁ።

ቤት ውስጥ "ድሬ ናት እኮ፣ ምን ጠበቅሽ?" ይሉኛል። እኔም አመንኩ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ወባ ተመረመርኩ፣ የለብሽም ተባልኩ። ሌላው ጋ ታይፎይድ ነው ተብዬ መድኃኒቱን ጨረስኩ። ለውጥ የለም።

እውነቱ የገባኝ ሐረር ነው። ጥር ላይ ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ወጥተን ዘመድ ቤት አደርን። ሌሊቱ ብርድ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ብርድ ልብስ ደራርበው ተኝተዋል። እኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብርድ ልብሱን ጥዬ፣ ትራሱን ገልብጬ፣ ጉንጬን ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ለጥፌ ቁጭ ብያለሁ። ያኔ "ይሄ የድሬ ሙቀት አይደለም" አልኩ ለራሴ።

የወር አበባዬም ተዛብቷል። ሁለት ወር ይጠፋል፣ ከዚያ አሥር ቀን ይፈሳል። ሐምሌ 19 ስለቴን ይዤ ቁልቢ ልሄድ ተሰናድቼ፣ ዋዜማው ላይ ሳላስበው መጣብኝ። ሄድኩ፤ ግን ጥላዬን ይዤ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አለቀስኩ።

ጓደኛዬ "ሆርሞን ነው" አለችኝ። ኤስትሮጅን፣ ፕሮጀስትሮን ሲባል እሰማለሁ። ምን እንደሚሠሩ ግን የነገረኝ ሰው የለም። የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ።

የቀፊራዋ | ሰኞ ከምሽቱ 4፡35

ኧረ አቦ ብቻዬን መስሎኝ ነበር! እኔ 50 ልደፍን ነው። ገበያ ላይ ቲማቲም ስመዝን ድንገት ይመጣብኛል። ደንበኛዬ "ምን ሆነሽ ነው?" እስክትለኝ ላቤ ይንጠባጠባል። ተልባ በጥብጬ እየጠጣሁ ነው፣ አንቺም ሞክሪው።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ንዴቱ ነው። ባለፈው ልጄ ብርጭቆ ሰበረች ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባት። ከዚያ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። እኔ እንዲህ አልነበርኩም።

አዋላጇ | ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡20

እህቶቼ፣ ድሬ ውስጥ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። እዚህ መድኃኒት አላዝም። ነገሩን ግን ረጋ ብዬ ላስረዳችሁ። ቁጭ ብሎ የሚያስረዳን ሰው በመጥፋቱ ነው እኛ ሴቶች ከክሊኒክ ክሊኒክ የምንንከራተተው።

ኤስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን በዋናነት ከእንቁላል ማምረቻችን ይወጣሉ። በደም እየዞሩ ለሰውነት መልእክት ያደርሳሉ። ሊጥ አስቡ። ኤስትሮጅን እርሾው ነው። በየወሩ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ኩፍ ያደርገዋል። በወሩ አጋማሽ ገደማ እንቁላል ትወጣለች። የወጣችበት ከረጢት ወደ ቢጫ እጢ ይለወጥና ሁለት ሳምንት ያህል ፕሮጀስትሮን ያመነጫል። ሊጡን "በቃህ" የሚለው እሱ ነው። ሽፋኑን ያረጋጋል፣ ለጽንስ ያሰናዳል። ጽንስ ካልመጣ ቢጫው እጢ ይከስማል። ሁለቱም ሆርሞኖች ይወርዳሉ፣ ሽፋኑም ተፈርፍሮ ይወጣል። የወር አበባ ይኸው ነው።

አሁን የናንተን ዕድሜ ተመልከቱ፤ ወደ ማረጥ መቃረቢያው ነው። 40ዎቹ ሲጋመሱ እንቁላል የማትወጣበት ወር ይበዛል። እንቁላል ካልወጣች ቢጫ እጢ የለም፤ ቢጫ እጢ ከሌለ ያ ሁሉ ፕሮጀስትሮን አይመጣም። እርሾው ግን አለ። እንዲያውም አንዳንድ ወር ከድሮው ይበዛል። ስለዚህ ሊጡ ከቡሃቃው ይገነፍላል። ሁለት ወር ጠፍቶ አሥር ቀን የሚፈሰው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

ሙቀቱ ሌላ መንገድ አለው። አንጎላችን ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ክፍል አለ። ኤስትሮጅን ሲዋዥቅና ሲወርድ ይህ ክፍል ትዕግሥት ያጣል። ድሮ ዝም ብሎ የሚያልፈውን ትንሽ ሙቀት "ተቃጠልን" ብሎ ይቀበለዋል። የቆዳ ደም ሥሮችን ይከፍታል፣ ላብ ያወርዳል። ሐረር ብርድ ውስጥ የመጣብሽ ለዚህ ነው። የድሬ ሙቀት አላመጣውም። ግን ያባብሰዋል፤ የእኛ ከተማ ሴት ከደጋዋ ሴት የበለጠ ብትማረር አይፈረድባትም።

ንዴቱና እንቅልፍ ማጣቱም ከዚሁ ይገናኛል። ፕሮጀስትሮን ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ አንጎልን የሚያረጋጋ ነገር ይወጣዋል። እሱ ሲጎድል፣ በላዩ ላይ ሌሊት አምስቴ በላብ ስትነቂ፣ ብርጭቆ ሲሰበር መጮህሽ ጠባይሽ ተበላሽቶ አይደለም።

ተልባው ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው፣ ጠጪው። ለወላፈኑ ግን በጥናት ሲታይ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን ብዙም አልተሻለም።

ደግሞ የሌሊት ላብ ሁሉ ማረጥ አይደለም። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ካለ፣ ከከሳሽ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይቅደም። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ከልክ በላይ ሲሠራም ያልባል፣ ልብ ያስመታል። ወባ መመርመርሽም ትክክል ነበር፤ ወባ ድሬ ላይ ቀልድ አይደለም። ለሆርሞን የደም ምርመራ ግን ብዙ ብር አታውጪ። ከ45 ዓመት በላይ ሆነሽ ምልክቱ እንዲህ ከሆነ አያስፈልግም። መጠኑ ዛሬና ነገ ስለሚለያይ ወረቀቱ ብዙ አይነግርሽም።

ባለ ባጃጁ | ማክሰኞ ከቀኑ 7፡05

ወንድ ነህ ብላችሁ አታባሩኝ። ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ነው ያነበብኩት፣ የባለቤቴ ነገር ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሌሊት ቬንትሌተር ታበራለች፣ እኔ ወገቤን ሲመታኝ አጠፋዋለሁ። በዚህ ስንጨቃጨቅ ዓመት ሊሆነን ነው። አሁን ሳሎን ምንጣፍ ላይ መተኛት ጀምራለች። ጠልታኝ ነው ብዬ ነበር። 49 ዓመቷ ነው። ምን ላድርግ?

አዋላጇ | ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡40

እሰይ፣ እንኳን ገባህ። ቬንትሌተሩን ወደ እሷ አዙረውና አንተ ከወዲያ በኩል ተኛ። አንሶላው ስስ ጥጥ ይሁን፣ ለየብቻ ልበሱ። ማታ ማታ ቡናና ሚጥሚጣ ይቀነስ። በርጫም ካለ እንቅልፉን ጨርሶ ይወስደዋል።

ሴቶች አፍ አውጥተው የማይናገሩትን ደግሞ እኔ ልንገርህ። ኤስትሮጅን ሲቀንስ ብልት ይደርቃል፣ ግንኙነት ያማል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ያቃጥላል። ከሸሸችህ ሕመሙን ሸሽታ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ቤት አብረሃት ሂድ። ለዚህ በቦታው ላይ ብቻ የሚደረግ ኤስትሮጅን አለ። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ወደ ቀሪው ሰውነት የሚገባውም ኢምንት ነው።

ሌላው፣ የወር አበባዋ ተዛባ ማለት መውለድ አበቃ ማለት አይደለም። ከ50 በላይ ከሆነች ደሙ ሙሉ ለሙሉ ከቆመ አንድ ዓመት፣ ከ50 በታች ከሆነች ሁለት ዓመት እስኪሞላ መከላከያ ያስፈልጋል። በ47 ዓመቷ "ማረጥ ነው" ብላ ቆይታ የአምስት ወር እርጉዝ ሆና የመጣች ሴት ተቀብያለሁ።

የሳቢያን ልጅ | ረቡዕ ከጠዋቱ 4፡15

እኔ 24 ዓመቴ ነው፣ በናንተ መሀል ስገባ ይቅርታ። ክንዴ ላይ የሦስት ዓመቱን የወሊድ መከላከያ ካስቀበርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የወር አበባዬ ጠፋ። እናቴ "ደሙ የት ሄደ? ሆድሽ ውስጥ ተጠራቅሞ እጢ ይሆንብሻል፣ ዛሬውኑ አስወጪው" እያለች ነው። ፈራሁ።

አዋላጇ | ረቡዕ ከቀኑ 8፡30

የኔ ቆንጆ፣ ይህን ጥያቄ በሳምንት ስንቴ እንደምሰማው! የትም አልተጠራቀመም፤ መጀመሪያውኑ አልተሠራም። ክንድሽ ውስጥ ያለው ከፕሮጀስትሮን ጋር የሚመሳሰል ሰው ሠራሽ ሆርሞን ነው። ቀኑን ሙሉ ሊጡን "አትነሳ" እያለ ይውላል። ሽፋኑ ስስ እንደሆነ ይቆያል፣ የሚፈርስ ነገር የለም። የሦስት ወሩ መርፌም ሥራው ያው ነው። አንዳንዷ ላይ ደሙ ይጠፋል፣ አንዳንዷ ላይ የተቆራረጠ ጠብታ ያስቸግራል።

ልዩነታቸው ስታቆሚ ነው። የክንዱ ሲወጣ መውለድ የምትችይበት ጊዜ ቶሎ ይመለሳል። መርፌው ግን ከመጨረሻው መወጋት በኋላ አሥር ወር ገደማ ሊያቆይ ይችላል፤ መኻን ሆንኩ ብለው የሚያለቅሱ ሙሽሮች አሉ። የሚዋጠው እንክብል ደግሞ በአብዛኛው ሁለቱንም ሆርሞን ይይዛል። በውስጡ ኤስትሮጅን ስላለ ደም ግፊት ላለባት አይሆንም፤ ከወለደች ስድስት ወር ላልሞላት አጥቢም አንሰጥም። እርግዝና አለመኖሩን ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ ተመርመሪና እናትሽን ይዘሻት ነይ፤ እኔ አስረዳታለሁ።

የጁገል እናት | ረቡዕ ከምሽቱ 1፡50

የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። 67 ዓመቴ ነው። በእኛ ጊዜ "አረጠች" ሲሉ አለቀላት ማለት ነበር። የኔ በ46 ቆመ። ሰባት ወልጃለሁና "ተገላገልኩ፣ አልሃምዱሊላህ" አልኩ። የረመዳን ቀን መክፈልም ቀረልኝ። ወላፈኑ ነበረብኝ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ታግሼ አለፈ።

የኔ ጣጣ የመጣው በኋላ ነው። አምና ጁገል ውስጥ ጠባቧ መንገድ ላይ ትንሽ አዳለጠኝ። መሬቱን በእጄ ተደገፍኩ፣ ያ ብቻ ነው። የእጄ አንጓ ቀጨም አለ። ሐኪሙ አጥንትሽ ሳስቷል አለኝ። ቁመቴም አጥሯል። ድሮ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ይቀር የነበረው ድሪያ አሁን መሬት ይጠርጋል፤ ጨርቁ የረዘመ መስሎኝ ሦስቱን አስቆርጫለሁ። ይሄም ከዚሁ ሆርሞን ነው እንዴ?

የገንደ ቆሬ እህት | ረቡዕ ከምሽቱ 3፡25

እኔ ደግሞ ለእህቴ ነው። 44 ዓመቷ ነው። በየወሩ 15 ቀን ይፈሳታል፣ የደም ጓል ይወጣታል። እንጀራ ጋግራ ለመጨረስ ሦስቴ ትቀመጣለች። ፊቷ ሰም መስሏል። ጎረቤት ሁሉ "ማረጥ ነው፣ ያልፋል" ይላታል። አንድ ሰው ሆርሞን ትውሰድ ሲለን ሌላው ሆርሞን ካንሰር ያመጣል አለን። ግራ ገባን።

ሐኪሟ ከሐረር | ሐሙስ ከጠዋቱ 12፡45

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ። ተረኛ አድሬ ነው የምጽፈው፣ ቃል ካመለጠኝ እለፉኝ።

መጀመሪያ የገንደ ቆሬዋ። እህትሽ በዚህ ሳምንት ትታይ። ሄሞግሎቢኗ ይለካ፤ ለሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው። አንቺ በገለጽሽው መልክ 7 እና 6 ይዘው በእግራቸው የሚመጡ አሉ። ሰውነት ቀስ በቀስ ስለሚለምደው ሴቲቱ "ደከመኝ" ብቻ ትላለች። አልትራሳውንድ ይታይ። በዚህ ዕድሜ ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ) ብዙ ነው፤ ማዮማ ደግሞ ሁለቱንም ሆርሞን እየበላ ያድጋል። ሐኪሙ ከማህፀን ሽፋን ናሙና ልውሰድ ቢል አትፍሩ። ብዙ ጊዜ ሕክምናው ራሱ ፕሮጀስትሮን ነው፤ የጎደለውን "በቃ" ባይ መመለስ ማለት ነው። ብረት የያዘ ክኒን ደግሞ ከሻይና ከቡና ጋር አትውሰድ።

የጁገሏ እናቴ፣ አዎ ከዚሁ ነው። አጥንት በሕይወት ሙሉ ይፈርሳል፣ ይገነባል። ኤስትሮጅን አፍራሹን ልጓም ይይዘዋል። ደም ከቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 5 እስከ 7 ዓመታት ልጓሙ ስለሚለቀቅ አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። ቁመት ማጠር የጀርባ አጥንት ሳይሰማ መታመቁን ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ አንጓው ዳነ ብለሽ አትተይው፤ የቀጣዩ ስብራት ዳሌ እንዳይሆን መድኃኒት አለ። ወተት ያለበት ሆጃ ጠጪ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀመጪ፣ ክንድሽን ገለጥ አድርገሽ። ማታ ለሽንት ስትነሺ መብራት አብሪ።

አሁን ካንሰሩ። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ መናገር ይገባል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1975 አሜሪካ ውስጥ የወጡ ጥናቶች ማህፀን እያላቸው ኤስትሮጅን ብቻውን የሚወስዱ ሴቶች የማህፀን ሽፋን ካንሰር እንደሚበዛባቸው አሳዩ። ምክንያቱን አዋላጇ ነግራችኋለች፤ እርሾ ያለ "በቃ" ባይ። ስለዚህ ማህፀን ላላት ሴት ሁለቱ አብረው ይሰጣሉ። ማህፀኗ የወጣላት ኤስትሮጅን ብቻውን ይበቃታል።

ሁለተኛው ድንጋጤ በ2002 መጣ። 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ሁለቱን ሆርሞን አብሮ መውሰድ የጡት ካንሰርን ይጨምራል ተብሎ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ቁጥሩ ግን ከወሬው ጋር አልተጓዘም። ጭማሪው በዓመት ከ10,000 ሴቶች 8 ነበር። ተሳታፊዎቹም በአማካይ የ63 ዓመት ሴቶች ነበሩ፤ በወላፈን የምትቸገር የ48 ዓመት ሴት አልነበሩም። በኋላ ቁጥሩ በዕድሜ ተለይቶ ሲታይ፣ ከ60 በታች ወይም ደም ከቆመ 10 ዓመት ላልሞላት፣ ምልክቱ ላስቸገራት ጤነኛ ሴት፣ ጥቅሙ በአብዛኛው ከጉዳቱ ያመዝናል።

ሁሉም ትውሰድ እያልኩ አይደለም። የጡት ካንሰር ነክቷት የሚያውቅ፣ እግሯ ወይም ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ ስትሮክ ወይም የልብ ደም ሥር መዘጋት (ሃርት አታክ) የያዛት፣ ጉበቷ የታመመ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት አይሰጣትም። ለእነሱ ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። "ካንሰር ያመጣል" በሚል አንድ ቃል ሴቲቱን ሳይመረምሩ መመለስ ተለምዷል። ይህን ስሰማ ያመኛል።

ጤና በተፈጥሮ | ሐሙስ ከቀኑ 6፡10

*[ይህ መልእክት "ሆርሞን የሚያስተካክል" ዱቄት የሚሸጥ ስለነበር በአወያዮች ተነስቷል።]*

የቀፊራዋ | ሐሙስ ከምሽቱ 2፡00

ዶክተር እጅሽ ይባረክ። ከዱቄቱ እኔ አምና ገዝቻለሁ፣ ሳልዋሽ። ሁለት ጣሳ ጨርሼ ያተረፍኩት የልብ ቃጠሎ ነው። ልጄን ደግሞ ዛሬ አስቀምጬ ነገርኳት። "ሲመጣብሽ ንገሪኝና ውሃ አመጣልሻለሁ" አለችኝ። 11 ዓመቷ ነው።

ዝም ያልኩት | ዓርብ ከሌሊቱ 6፡30

ሦስት ቀን ሙሉ ላንብብ ልጻፍ ስል ነበር። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከቆመላት አሥር ዓመት አልፏል። ካለፈው ወር ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ደም እያየች ነው፤ ነጠላዋን ሳጥብ ነው ያወቅሁት። ስጠይቃት ሳቀችና "ልጅነቴ ተመልሶ ነው" አለችኝ። አያማትም። ሐኪም ቤት ስላት "በዚህ ዕድሜዬ ለማን ልገለጥ" ትላለች። ይሄ ምንም አይደለም አይደል?

ሐኪሟ ከሐረር | ዓርብ ከጠዋቱ 1፡10

አይደለም እህቴ፣ ይሄ ዝም የሚባል አይደለም። ከቆመ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ አንዲት ጠብታም ብትሆን ትመረመራለች። አያምም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። እንዳትደነግጪ እውነቱን ልንገርሽ። እንዲህ ከሚያዩ አሥር ሴቶች ዘጠኙ ገደማ የማህፀን ሽፋን ካንሰር የለባቸውም፤ ሽፋኑ በኤስትሮጅን እጥረት ሳስቶ ወይም ትንሽ ሥጋ በቅሎ ይሆናል። አሥረኛዋ ግን ቶሎ ከመጣች የመዳን ዕድሏ ሰፊ ነው። የማህፀን በር ካንሰርም በዚህ መልክ ሊጀምር ይችላል፣ እሱም ይታያል። ሴት ሐኪም እንድታያት መጠየቅ ትችያለሽ። ለእናትሽ "ልጅነትሽ ከተመለሰ ሐኪሟ ታረጋግጥልን" በያት።

የከዚራ ጥላ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡00

ተመልሻለሁ። ታየሁ። ግፊቴ ተለካ፣ ታይሮይዴ ደህና ነው፣ አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ የማህፀን በሬም ታየ። ሐኪሟ ጥቅሙንም ጉዳቱንም አስቀምጣ አስረዳችኝና ሁለቱን ሆርሞን ጀመርኩ። ፕሮጀስትሮኑን ማታ ውሰጂ አለችኝ፣ እንቅልፍ ያመጣል። እውነት ነው፣ ያመጣል። መድኃኒቱን ያገኘሁት አራተኛው ፋርማሲ ነው፤ እንዳላችሁ ቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ። ሌሊት አምስትና ስድስቴ የምነቃው አሁን አንዴ ነው። ትናንት ሺቲዬ ደርቆ አደረ።

ዝም ያልሽው፣ ወሬሽ ስለጠፋ በግል መልእክት ጽፌልሽ ነበር። እናትሽ እሺ አለች?

ዝም ያልኩት | ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡40

ትናንት እሺ አለች። ግን "ከልጄ ጋር አልሄድም፣ አፍራለሁ፤ የኔ ቢጤ ሴት ትምጣልኝ" አለች። እኛ ድሬ ዘመድ የለንም።

የከዚራ ጥላ | ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡44

እኔ አለሁ። ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቀፊራ መግቢያው ጋ ይዘሻት ነይ። ጥቁር ጥላ ይዣለሁ። እናትሽ ከኔ ጋር ትገባለች፣ አንቺ ውጭ ትጠብቂናለሽ።

ባለ ባጃጁ | ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡51

ማድረሱም መመለሱም በኔ። 2 ሰዓት ከሩብ ላይ እዚያው ቆሜያለሁ።